የመምህር አንለይ ሰንሰለት

ከድር ሲደውል ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ስልክ አላነሳም፤ ተማሪዎቼን «ስልካችሁን ዝጉ» እያልኩ የራሴን ማንሳት ያሳፍረኛል። ግን ከድር ሞጣ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ በጠዋት፣ ያውም በገበያ ቀን፣ ሥራውን ትቶ የሚደውለው ለቁም ነገር ብቻ ነው። ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

«ይታይሽ፣ መምህራችን አረፉ» አለኝ።

ታመው ሞጣ ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ ሦስት ወር ሆኗቸው ስለነበር ያልተጠበቀ ነገር አልነበረም። ቢሆንም ግድግዳውን ተደገፍኩ። በስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት «ይኼ በሜትር ስንት ነው?» ስትለው፣ እሱም «ቆይ እናቴ» ሲላት ይሰማኛል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«ያ ትምህርት ዘንድሮ መቼ ነው?» አለኝ።

ለአፍታ ተናደድኩ። የሰውየው አስከሬን ከቤት ሳይወጣ ስለ ትምህርት ቀን ይጠየቃል? ወዲያው ግን ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝና እንባዬ መጣ። «ገና አልደረስንበትም» አልኩት። «ስትደርሱበት ንገሪኝ» ብሎ ዘጋው።

«ያ ትምህርት» የሒሳብ ትምህርት ነው፤ የፓራቦላን፣ ማለትም የዚያን ጎድጓዳ ኩርባ፣ መታጠፊያ ከእኩልዮሹ ማግኘት። በመጽሐፉ ላይ ሁለት ገጽ እንኳ አይሞላም። በእኛ ትምህርት ቤት ግን ተማሪው «ዘንድሮ መቼ ነው?» እያለ ቀኑን የሚጠይቀው ትምህርት ነው። እንዲህ ያደረጉት መምህር አንለይ ናቸው።

መምህር አንለይን ያወቅኋቸው ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ነው። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ የኮታቸው የግራ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ። በልጅነታቸው መርጡለ ማርያም አካባቢ ዜማ ተምረዋልና እኩልዮሽ ሲያነቡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ ይላል። «ዋይ እኩል ይሆናል ኤክስ ስኩዌር...» ሲሉ መቋሚያና ጸናጽል ብቻ ነው የሚቀራቸው። እኛ በእረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር ሆነን እሳቸውን እየመሰልን እናዜማለን። አንድ ቀን ከኋላችን ቆመው ሲሰሙን አላየናቸውም። ስንዞር ደርቀን ቀረን። እሳቸው ግን ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ «ዜማው ደኅና ነው። ምልክቱን ነው የሳታችሁት፤ ሲደመር ሳይሆን ሲቀነስ ነው» ብለውን ሄዱ።

የመታጠፊያው ትምህርት ሲደርስ ሰንሰለታቸውን ያመጡታል። ቀጭን የብረት ሰንሰለት ነው፤ ሞጣ አስተማሪ ሆነው በተቀጠሩበት ዓመት ከገበያ የገዙት። ከሰሌዳው በላይ በቀኝና በግራ እኩል ከፍታ ላይ ሁለት ምስማር መትተዋል። ሰሌዳውን በጠመኔ እንደ ግራፍ ወረቀት አስምረው፣ ሰንሰለቱን በሁለቱ ምስማሮች ላይ ያንጠለጥሉታል። ሰንሰለቱ ትንሽ ይወዛወዝና ይረጋል። እሳቸውም እስኪረጋ ድረስ አይናገሩም።

«አያችሁ?» ይላሉ። «ይኼን የሣለው እጅ የለም። ፓራቦላ ይኼ ነው። መታጠፊያው የት ነው?»

ሁላችንም ወደ ታችኛው ነጥብ እንጠቁማለን።

«በዓይን ማን ጠየቃችሁ? ሰንሰለቱ ነገ ባይኖርስ? እኩልዮሹ ብቻ ቢሰጣችሁስ?» ሰንሰለቱን ገፋ ያደርጉና በሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ስድስት ኤክስ ሲደመር አምስት። «ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ ስንት ነው?»

«አምስት!»

«እሺ። ይኼ ነጥብ መንታ አለው። እሱ ግራ ቆሞ አምስት ከፍታ ላይ ነው፤ መንታው ቀኝ ቆሞ አምስት ከፍታ ላይ ነው። መንታውን ፈልጉ።»

አምስቱን ከሁለቱም ወገን ስናነሳው ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ስድስት ኤክስ ይቀራል፤ እሱ ዜሮ የሚሆነው ኤክስ ዜሮ ሲሆን ወይም ስድስት ሲሆን ነው። መንታው ስድስት ላይ ቆሟል ማለት ነው። መምህር አንለይ ሁለት እጃቸውን ይዘረጉና፣ አንዱን መዳፍ ዜሮ ላይ ሌላውን ስድስት ላይ አድርገው፣ በአገጫቸው ወደ መኻል ያመለክታሉ። ሦስት! ሦስትን እኩልዮሹ ውስጥ ስናስገባ ዘጠኝ ሲቀነስ አሥራ ስምንት ሲደመር አምስት፤ ኔጌቲቭ አራት። መታጠፊያው ሦስት ላይ ገባ ብሎ፣ አራት ወደ ታች ወርዶ ተቀምጧል።

ቀመሩን የሚያመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም እኛ ራሳችን እንድናወጣው አድርገው። ኤ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ቢ ኤክስ ሲደመር ሲ ብለው ይጽፋሉ። «ሲን ለጊዜው ከቤት አስወጧት። ሲ ኩርባውን ከፍና ዝቅ ታደርገዋለች እንጂ መታጠፊያውን ቀኝና ግራ አትገፋም።» በቀረው ውስጥ መንታዎቹ አንዱ ዜሮ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ቢ ሲካፈል ለኤ ይሆናሉ። መኻላቸው የዚያ ግማሽ፤ ኔጌቲቭ ቢ ሲካፈል ለሁለት ኤ። እንደ መዝሙር በቃሌ የማውቀው ቀመር ከየት እንደመጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሒሳብ አስተማሪ የሆንኩትም በዚያ ቀን ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም።

«መንታውን ፈልግ» የሚለው ቃል ከክፍል ውጭም ከአፋቸው አይጠፋም ነበር። የሠርግ ዳስ ሲሠራ ሸራው የሚረግብበትን ቦታ ከሁለቱ ምሰሶ እየለኩ ያሳያሉ፤ ሠርገኛው በጥድፊያ ላይ ሳለ እሳቸው በአገጫቸው መኻሉን ይጠቁማሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ «የሰው ሠርግ ላይ እንኳ አያርፉም!» ብለው ሲቆጡ ሰምቻለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ አስተማሪያችን ስለ ሌላ ነገር እያስረዳ ሳለ በመኻል እንዲህ አለ፤ «ሁለት ጫፉ ታስሮ የሚንጠለጠል ሰንሰለት ፓራቦላ ይመስላል እንጂ ፓራቦላ አይደለም። ሌላ ዓይነት ኩርባ ነው።» አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተናግሮ አለፈ። እኔ ግን እንደተሰደብኩ ያህል ደሜ ፈላ። የመምህር አንለይን ሰንሰለት! ሰውየው እንደተሳሳተ ላረጋግጥ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን አሰላሁ። አልተሳሳተም።

ተመርቄ ስመለስ ቢቸና ተመደብኩ፤ የመምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዬ ከመምህር አንለይ ጠረጴዛ አጠገብ ሆነ። ያን ነገር በሆዴ ይዤ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ፈሪ ነኝ፤ እሳቸውም አባቴን ያህል ናቸው። የመታጠፊያው ትምህርት ሲደርስ በእኔ ክፍሎች ያለ ሰንሰለት አስተምራለሁ።

«ሰንሰለቱን ለምን አትወስጂም?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ጋሼ፣ የእኔ ክፍል ምስማር የለውም» አልኩ፤ ሌላ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

በማግስቱ መዶሻና ሁለት ምስማር ይዘው መጡ። እኔ ወንበሩን ይዤላቸው ሲመቱ፣ የምገባበት ጉድጓድ በኖረ ብዬ ተመኘሁ።

በሦስተኛው ዓመት የአካባቢው የሒሳብ መምህራን ሞጣ ላይ ይሰበሰቡ ተባለ፤ መምህር አንለይም በሰንሰለታቸው የናሙና ትምህርት እንዲያሳዩ ተመረጡ። ደስታቸው ልዩ ነበር። ኮታቸውን አሳጠቡ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እዚያ ስብሰባ ላይ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ አፉ የፈጠነ አንድ ወጣት አይጠፋም። እጁን አውጥቶ «ይኼ እኮ ፓራቦላ አይደለም» ቢላቸውስ? በዚያ ሁሉ መምህር ፊት? ከማንም ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤት ሰንሰለቱን ሲወለውሉ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም።

«ማን አለ?» አሉኝ።

«አስተማሪያችን። እኔም አስልቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ተማሪ ሳለሁ።»

«እና እስከ ዛሬ?» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «እስቲ እንለካ» ብለው ተነሡ።

ሰንሰለቱን እንደ ወትሮው አንጠለጠሉት። ፓራቦላ ከመታጠፊያው ተነሥቶ ሲለካ የታወቀ ጠባይ አለው፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደን የወጣው ከፍታ፣ ሁለት እርምጃ ስንሄድ አራት እጥፍ፣ ሦስት እርምጃ ስንሄድ ዘጠኝ እጥፍ መሆን አለበት። ለካን። ገጠመ። መምህር አንለይ ፊታቸው በራ።

«አየሽ?»

«ጋሼ፣ ወጥሮ ሲታሰር ልዩነቱ አይታይም። ላላ ያድርጉት።»

ሰንሰለቱን ብዙ እንዲወርድ አድርገው አላሉት። እስኪረጋ ጠበቁ። የመጀመሪያው እርምጃ አራት ሴንቲሜትር ወጣ። ሁለተኛው ከአሥራ ስድስት ጥቂት አለፈ። ሦስተኛው ሠላሳ ስድስት መሆን ነበረበት፤ አርባ አንድ ሆነ። ሜትሩን አገላብጠው አዩት። በግራ በኩል ለኩት፤ አርባ አንድ። እንደገና አንጠልጥለው ለኩት። ከዚያ የተማሪ ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ስለ ስብሰባው የሚጨነቁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሰንሰለቱን እያዩ አንድ ስም ብቻ ጠሩ።

«ከድር።»

ከድር ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የነገሩኝ እዚያው ወንበር ላይ ሆነው ነው። ሞጣ ገና ጀማሪ ሳሉ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች የቤት ሥራ ሰጡ፤ ቤታችሁ ሰንሰለት አንጠልጥላችሁ ለክታችሁ አምጡ ብለው። ሌላው ተማሪ እየገጠመለት መጣ፤ መቼም ያልለካውም ጭምር ነው የገጠመለት። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ የነበረው ከድር ግን ብድግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሦስተኛው ላይ አይገጥምም» አለ። ደግመህ ለካ አሉት። በማግስቱም «አይገጥምም» አለ። ጀማሪ አስተማሪ ነበሩ፤ ተማሪ ፊት የተደፈሩ መሰላቸው።

«ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ይኼ የአባትህ ሱቅ አይደለም፤ ጨርቅ እየሳቡ እንደመለካት እዚህ አይሳብም አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከአሥር ዜሮ ሰጠሁት።»

ከድር ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ዓመቱም ሳያልቅ ትምህርቱን ተወና ሱቅ ገባ።

«ልጁ ልክ ነበር፤ አባቱንም ሌባ ብዬ ነው የሰደብኩት» አሉ። ከዚያም፣ «ዜማ ቤት ሳለን የኔታ አንድ ግድፈት አስተምረው ያሰናበቱት ተማሪ ካለ፣ ያለበት ደብር ድረስ ልከው ያስጠሩት ነበር። እሱ ለሌላው እንዳያስተላልፈው። እኔ ስንት ዓመት አስተላለፍኩ?» አሉኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ነው። እሳቸውም እኔም ቁጥሩን እናውቀዋለን።

ሞጣ አብሬያቸው ሄድኩ። በሚኒባሱ ውስጥ ሰንሰለቱ በፌስታል ጭናቸው ላይ ሆኖ በየጉድጓዱ ይንኳኳል። አመመኝ ብለው በቀሩ ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም። ተራቸው ሲደርስ ሰንሰለቱን አላልተው ሰቀሉ፤ እስኪረጋ ጠበቁ።

«ይኼ ፓራቦላ አይደለም» አሉ። «ሃያ ስድስት ዓመት ፓራቦላ ነው ብዬ አስተምሬአለሁ። እዚህ ውስጥ የእኔ ተማሪ የነበረ ይነሣ።»

ሰባት መምህራን ተነሡ። እኔም ተነሣሁ።

«ለእናንተ የሰጠሁትን ግድፈት መልሱልኝ። ለተማሪዎቻችሁም ንገሩልኝ። መንታው ግን እውነት ነው፤ ሰንሰለቱም ቢሆን መታጠፊያው የመንታዎቹ መኻል ነው። የተሳሳትኩት ወደ ላይ የሚወጡትን ሁለት ክንዶቹን ነው።» ከዚያ የምሳውን ሰዓት ሳይጠብቁ ወጡ።

ከድርን ፍለጋ ገበያው ውስጥ ገባን። ፌስታሉ ተቀዶ ስለነበር ሰንሰለቱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውታል። ሦስት ሰው «አባቴ፣ ሰንሰለቱን ስንት ይሉታል?» ብሎ አስቆመን። ለሦስቱም «አይሸጥም፤ ግን ፓራቦላ እንዳይመስልህ» ብለው መለሱ። እኔ በሐዘናቸው መኻል ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሳቸውም አይተውኝ ትንሽ ሳቁ።

ከድር ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እያጠፈ አገኘነው። ወፍራም፣ ጺሙ ሽበት የጣለበት ሰው ሆኗል። መምህሩን ሲያይ ብድግ አለ፤ ወንበር አቀረበ፤ ለስላሳ አስመጣ። መምህር አንለይ አልተቀመጡም። ቆመው፣ ሰንሰለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሁሉንም ነገሩት። ዜሮውን፣ ሳቁን፣ ስለ አባቱ የተናገሩትን።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ አላስታውሰውም» አለ ከድር። «ልጆች ነበርን። የተረሳ ነገር ነው።»

«አንተ ብትረሳው እኔ አልረሳሁትም።»

«በአላህ ይተዉት! ይልቅ ይቀመጡ፣ ለስላሳው ይሞቃል።»

ሦስቴ «አላስታውስም» አለ። ምን ይደረጋል? አመስግነን ተሰናበትንና ከሱቁ ደጃፍ ደረስን። ከድር ጀርባውን ሰጥቶን ጨርቁን ወደ መደርደሪያው እየመለሰ ነበር።

«ሦስት ጣት ነበር» አለ።

ዞርን።

«ሦስተኛው እርምጃ ላይ። ሦስት ጣት ነበር የሚያልፈው።» አሁንም ፊቱን አላዞረም። «መጀመሪያ እኔም በደንብ ያልለካሁ መስሎኝ ነበር። አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጣና አብሮኝ ለካ። በዚህ ነው።» ከባንኮኒው ላይ ጫፍና ጫፉ በናስ የታሰረውን የእንጨት ሜትር አነሣ። «‹ልጄ ልክ ነህ፤ ሂድና ለመምህርህ ንገራቸው፣ ደስ ይላቸዋል› አለኝ።»

መምህር አንለይ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ተመለሱ። «አባትህ... አሉ?»

«አረፈ። ስድስት ዓመት ሆነው።»

የሚያልፈው ገበያተኛ ሁሉ ያየናል። ይቅርታ ሊጠየቁ የሚገባቸው አባት በሕይወት አልነበሩም፤ መምህር አንለይ ይኼ እንደ ገባቸው ከፊታቸው ይታያል። በመጨረሻ፣

«በሁለተኛው ሳምንት ትምህርቱ ሲደርስ ቢቸና ና» አሉት። «ይኼን ሜትር ይዘህ ና። የሰደብኳችሁ በተማሪ ፊት ነው፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ ይቅር በለኝ ብዬ አልገላገልም። ተማሪዎቼ ፊት ልካልኝ።»

«ጋሼ! እኔ አሥረኛ ክፍል ያልጨረስኩ ነጋዴ ነኝ። ሱቁን ለማን ትቼ ነው? ያልሠለጠነ ሰውስ ክፍል ውስጥ ምን ይናገራል?»

«የለካኸውን።»

አልመጣም ብሎ መለሰን። እኛም በሚኒባስ ወደ ቢቸና ተመለስን።

በሁለተኛው ሳምንት፣ የመታጠፊያው ትምህርት በሚሰጥበት ዕለት፣ ዘበኛው መጥቶ «አንድ እንግዳ በር ላይ ቆሟል፤ ዱላ ይዟል» አለን። ዱላ ያለው በጋዜጣ የተጠቀለለውን ሜትር ነው። ከድር አዲስ ኮት ለብሶ፣ ግንባሩ በላብ ርሶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

እሳቸው ጠይቀውኝ በእሳቸው ክፍል መንታዎቹን እኔ አስተማርኩ፤ መምህር አንለይ ያስተማሩኝን ቃል በቃል። እሳቸው ከኋላ የመጨረሻው ወንበር ላይ ከተማሪዎች ጋር ተቀመጡ፤ ረጅም እግራቸው ስለማይገባ ጉልበታቸውን ወደ መተላለፊያው አወጡ። ከዚያ ከድር ተነሣ። ሰንሰለቱን ሲሰቅል ምስማሩን ሁለቴ ሳተ። እስኪረጋ ጠበቀ። የአባቱን ሜትር በሰሌዳው ላይ ሲያስደግፍ ግን እጁ ጸና፤ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራውን ሲይዝ እንደሚሆነው ነው። አንዱን ለካ፤ ተማሪ ጻፈ። ሁለተኛውን ለካ። ሦስተኛውን ለካ።

«ስንት መሆን ነበረበት?» አለ።

«ሠላሳ ስድስት!» አለ ክፍሉ።

«ስንት ሆነ?»

«አርባ አንድ!»

«አይገጥምም» አለ ከድር።

ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ። ከድር ግራ ገብቶት «እ... እሺ» አለ። መምህር አንለይ እንደ ተማሪ ብድግ ብለው ቆሙ።

«ይኼን ከዛሬ ብዙ ዓመት በፊት እሱ ነግሮኝ አልሰማሁትም» አሉ ለክፍሉ። «አብረውት የለኩት አባቱ ነበሩ። ሚዛናቸውም ሜትራቸውም ልክ ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።» ከዚያ ወደ ከድር ዞረው፣ «አሥር ከአሥር» አሉት።

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ከድር ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ፣ ምንም ያልሆነውን ሰንሰለት ሲያስተካክል ብዙ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይመጣል። መምህር አንለይ ጡረታ ከወጡም በኋላ ለዚያች ቀን ብቻ ያንኑ ኮት ለብሰው ይመጡና የኋላው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከድር «አይገጥምም» ሲል እሳቸው እጃቸውን አውጥተው «አሥር ከአሥር» ይላሉ። አንድ ዓመት መንገድ ተዘግቶ ከድር መምጣት አልቻለም፤ እሱ ካልመጣ አይሰጥም ብለውኝ ትምህርቱን አምስት ሳምንት አቆይቼዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አስጠነቀቀኝ። ደብዳቤውን ሳሳያቸው፣ «መጥፎ አይደለም፤ ፊደሉ ጥሩ ነው» አሉኝ።

የቀበርናቸው እዚሁ ቢቸና ነው። ከሞጣ የመጣው ሰው ብዛት አስገረመኝ። ልብስ ሰፊው፣ ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ እያንዳንዱ የድሮ ተማሪያቸው «ሰንሰለት ይዘው ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር» ይላል። ለካስ ከከድር በኋላም በየገበያው ቀን ሞጣ የሚመላለሱት ለዚህ ኖሯል። እኔ ልጃቸውን ሊጠይቁ ይመስለኝ ነበር።

ትምህርቱ ያለፈው ሐሙስ ነበር። ከድር ሜትሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። መንታዎቹን አስተማርኩና የኋላው ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ተማሪዎቹ ቦታውን ሳይነገራቸው ባዶ ትተውት ነበር። ከድር ሰንሰለቱን ሰቀለ። እስኪረጋ ጠበቀ። ለካ፤ ለካ፤ ለካ።

«አይገጥምም» አለ።

ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ተመለከተ። ሜትሩን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል። ክፍሉም ዞሮ ወደ እኔ ያያል። እጄን አወጣሁ፤ ተነሥቼም ቆምኩ።

«አሥር ከአሥር» አልኩ።